በልጅ ልክ የተሠራች ክፍል

ባለፈው ቅዳሜ ከባለቤቴና ከልጃችን ጋር ቤት ልናይ ሄድን። ከከተማው ጫጫታ ወጣ ያለ አዲስ መንደር ነው። ዙሪያው ታጥሯል፤ በሩ ላይ ጥበቃ አለ፤ መንገዱ ላይ ወረቀት እንኳ ወድቆ አይታይም። ባለቤቴ ገና ከበሩ ስንገባ ልቡ ሸፍቷል። ደላላው ሳሎኑን አሳየን፣ ፎቁን አሳየን፣ በመጨረሻ ወጥ ቤቱን። ከወጥ ቤቱ ጀርባ አንዲት ጠባብ በር ነበረች። ልጄ ቀድማን ገፋ አደረገቻት።

«እማዬ፣ ይቺ የኔ ትሁን! ልክ በእኔ ልክ ናት!»

ደላላው ሳቀ። «አይ ሚሚዬ፣ ይቺማ የሠራተኛ ናት። ያንቺ ፎቅ ላይ ነው።»

አንገቴን አስገብቼ አየሁ። አዲስ ቀለምና ያልደረቀ ሲሚንቶ ሸተተኝ። መስኮቷ ከጣራው ሥር ናት፤ እሷም የምትከፈተው ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ወጥ ቤቱ ነው። «ትበቃለች» አለ ባለቤቴ፤ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ሳያስበው ነው። ልጄን በእጇ ይዤ አወጣኋት። በመንገድ ላይ «ምን ሆነሽ ነው?» ቢለኝ አልመለስኩለትም። መናገር አይሆንልኝም። ስለዚህ እጽፈዋለሁ።

ያን ሽታ አውቀዋለሁ። ሰባት ዓመት የሞላኝ ጊዜ፣ ከቤይሩት በላይ ተራራው ላይ፣ ብሩማና በሚባል የባለጸጎች ከተማ ነው ያወቅሁት።

የተወለድኩት ቤይሩት ነው። አባቴ ሳልወለድ ወደ ሌላ አገር ተሻግሮ እዚያው ቀረ። እናቴ አስካለ ከመጀመሪያ አሠሪዎቿ ቤት ከወጣች ወዲህ ወረቀት አልነበራትም፤ ወረቀት የሌላት እናት ልጅ ደግሞ ወረቀት የላትም። ዶራ በሚባል ሰፈር፣ ሚኒባሶቹ ከሚቆሙበት አደባባይ ጀርባ፣ ከጎማ ጠጋኝ ሱቅ በላይ አንዲት ክፍል ከእትዬ ዘነቡ ጋር ተጋርተን እንኖር ነበር። ሾፌሮቹ ከንጋት ጀምሮ «ጁንዬ! ጁንዬ!» እያሉ ይጮኻሉ። ጁንዬ የጠፋች ልጅ ትመስለኝ ነበር። ሰው ሁሉ በቁልምጫ እየጠራ ቀኑን ሙሉ የሚፈልጋት ልጅ ምንኛ የታደለች ናት እያልኩ እቀና ነበር። የከተማ ስም መሆኑን ያወቅሁት ቆይቶ ነው።

የአገሩ የእርስ በርስ ጦርነት ካበቃ ብዙ አልቆየም። ከተማው በአንድ በኩል ይፈርሳል፣ በሌላ በኩል ይሠራል። መብራት በጠፋ ቁጥር የጄኔሬተሩ ጭስ በመስኮታችን ይገባል። እኔ እስል ነበር። ስስል እናቴ ሥራዋን አቁማ ትጠብቀኛለች፤ ሲያቆምልኝ ትቀጥላለች። አንድ ሐኪም «ይህች ልጅ የተራራ አየር ያስፈልጋታል» ብሎ ነበር። እትዬ ዘነቡ ይህን ስትሰማ «እሺ፣ ተራራውን ከየት ሱቅ እንግዛላት?» አለች።

እናቴ በየቀኑ ይዛኝ ሲን ኤል ፊል የሚባል ሰፈር ትሄዳለች። እዚያ ማዳም ኖሃ የሚሏት አሠሪዋ ሰፊ አፓርታማ ነበራት። እኔ የወጥ ቤቱ በረንዳ ላይ፣ ከተሰጣው ልብስ ሥር እቀመጣለሁ። ከበረንዳው ቁልቁል የአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ይታያል። ልጆቹ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው ሲሰለፉ አያለሁ። የልብስ መቆንጠጫዎቹን እንደነሱ አሰልፍና አስተምራቸው ነበር። ምን እንደማስተምራቸው ግን አላውቅም፤ «ዝም በሉ!» ብቻ ነበር የምላቸው።

ስሜ ፍሬሕይወት ነው። ማዳም «ፊፊ» አለችኝ። የፈረንሳይ ስም ስለመሰለኝ የተሸለምኩ ያህል ደስ አለኝ። እውነቱን ለመናገር ደግ ነገርም አድርጋልናለች። ትኩሳት ሲይዘኝ በራሷ መኪና ሐኪም ቤት ወስዳኛለች። የልጇ የሪታ ጫማ ሲጠባት ለእኔ ትሰጠኛለች። ይህን አልረሳም፤ እግዚአብሔርም አይርሳላት።

አንድ ቀን ማዳም ወጥ ቤት ገብታ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እንዲህ ስታደርግ አይቻት አላውቅም።

«አስካ፣ የብሩማናው ቤት አለቀ። ለበጋው እንወጣለን፤ ከዚያ ወዲያ አንመለስም። ይሄ ከተማ ኸላስ፣ በቃኝ! ጄኔሬተር፣ አቧራ፣ ጩኸት። አንቺም ጠቅልለሽ ነይ። ክፍል አለሽ። ፊፊ አየር ታገኛለች፤ ያኒ፣ ማለቴ፣ ሳሏ ይለቃታል።»

እናቴ ድስቱን መፈተግ አላቆመችም። «እሑድስ፣ ማዳም?»

«እዚያም ቤተ ክርስቲያን አለ። እግዚአብሔር አንድ አይደለም እንዴ?»

እናቴ ድስቱን መፈተግ ቀጠለች።

«ፊፊም ከሪታ ጋር ትማራለች» አለች ማዳም። «ትምህርት ሲከፈት።»

የድስቱ ፍተጋ ቆመ። እናቴ ያን ጊዜ ያቆመችው እኔ ሳልስል ነው።

በማግስቱ እሑድ ነበር። ከሌሎች ክርስቲያኖች ለምነን ባገኘነው አዳራሽ ቅዳሴ አስቀድሰን ስንመለስ እናቴ ነገሩን ለእትዬ ዘነቡ ነገረቻት። እትዬ ዘነቡ ሁለት ዓመት ሙሉ በር ከተቆለፈባት ቤት የወጣች ሰው ነበረች፤ እንዴት እንደወጣች በየጊዜው አዲስ አድርጋ እያወራች ታስለቅሳለች፤ ወይም ታስቃለች።

«ቤቱ ሰፊ ነው?» አለች።

«ሰፊ ነው አሉ።»

«ሰፊ ቤት ለባለቤቱ ነው፣ አስኩ። ለጠራጊው ሰፊ ወለል ነው።»

«ልጄ ትማራለች አለችኝ።»

«ማዳም ናት ያለችው?»

«አዎ።»

«እንግዲህ ማዳም ካለች...» አለችና አፏን በነጠላዋ ከልላ ሳቀች። ከዚያ ሳቁን ተወችው። «ስሚኝ እህቴ። ይቺ ክፍል ይቺው ናት፤ ጭስ ነው፣ ቁንጫ ነው። ግን ጠዋት ወጥተሽ ማታ ስትገቢ በሩን የምትከፍቺው ራስሽ ነሽ። እዚያ ማን ይከፍትልሻል?»

እኔ በመሃል ሳልኩ።

«የምትስለው እኔ አይደለሁም፣ ዘነቡ» አለች።

እትዬ ዘነቡ ዞራ አየችኝ። በመጨረሻ በጋውን፣ እዚያ በጋ የሚባለው ሐምሌና ነሐሴ ነው፣ ሞክረን እንድናይ፣ ክፍላችንም እስኪያልፍ ድረስ እንዲጠበቅልን ተስማሙ። እናቴ «ፍልሰታን እዚያ እንጹም፤ እመቤታችን ታሳየናለች» አለች።

በሙሴ መኪና ወጣን፤ የማዳምን ባል እንደዚያ፣ በፈረንሳይኛ «ጌታዬ» እያልን ነበር የምንጠራው። መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ይሄዳል። የጥድ ሽታ በመስኮት ገባ። ከታች ባሕሩ፣ ዶራ፣ የወደብ ክሬኖች እንደ መጫወቻ አነሱ። ከሰዓት በኋላ ከሸለቆው ነጭ ጉም ተነሥቶ ወደ እኛ ሲመጣ ባሕሩ ተከትሎን የመጣ መሰለኝና ጮኽኩ። ሙሴ ሳቀ።

የግቢው በር በራሱ እየተንሸራተተ የሚከፈት ብረት ነበር። ሙሴ ሲመጣ ይከፈታል፤ ማዳም ስትመጣ ይከፈታል፤ እናቴ ቆሻሻ ልትጥል ስትቀርብ ግን አይነቃነቅም። በሩ ሰው የሚለይ መሰለኝ። በመኪናው ቁልፍ ላይ የተንጠለጠለ መክፈቻ እንዳለው ኋላ ነው ያወቅሁት። ቢሆንም ያን ያህል አልተሳሳትኩም።

ክፍላችን ከወጥ ቤቱ ጀርባ፣ በማቀዝቀዣውና በጋዝ ሲሊንደሮቹ መካከል ነበረች። አዲስ ቀለምና እርጥብ ሲሚንቶ ትሸታለች። በሯ ጠባብ፣ አልጋዋ አጭር፣ መስኮቷ ከጣራው ሥር። እናቴ እቃችንን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። እኔ ግን በደስታ ዘለልኩ።

«እማዬ፣ ይቺ ለኔ ናት አይደል የተሠራችው? ልክ በእኔ ልክ ናት!»

«አዎ ልጄ» አለች፤ «በልጅ ልክ ናት።»

ለአናጢው «ልጅ አለች» ተብሎ የተነገረው መሰለኝ። የሪታን ክፍል ሳይ ደግሞ ስፋቱ አሳዘነኝ፤ «ማታ ብቻሽን አትፈሪም?» አልኳት። እናቴ አልጋው ላይ ጉልበቷን አጥፋ ነበር የምትተኛው።

ዛሬም የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። አንድ ሰው ተቀምጦ፣ እርሳስ ይዞ፣ ያን ቤት በወረቀት ላይ አስምሯል። ሳሎኑን ሲያሰምር እጁ ሰፋ፤ እዚያች ጥግ ሲደርስ ጠበበ። ሰው የሚተኛባት መሆኑን ያውቅ ነበር። አውቆ ነው ያጠበባት።

አየሩ ግን አየር ነበር፤ አልዋሽም። ብዙም ሳይቆይ ሳሌ ለቀቀኝ። እናቴ ልታስተኛኝ ስትል ጆሮዋን ደረቴ ላይ ለጥፋ ታዳምጣለች፤ የሚሰማት ነገር ሲጠፋ «ተመስገን» ትላለች። ትምህርት ሲከፈት ስለምለብሰው ልብስ፣ ስለምይዘው ቦርሳ አወራላታለሁ። ስትሰማኝ ፊቷ ይፈታል። አእምሮዋ ሲመዝን እንደነበር አሁን ይገባኛል። በአንድ ወገን እሑድና ራሷ የምትከፍተው በር፣ በሌላ ወገን የኔ ሳንባና የኔ ደብተር።

ነሐሴ ገባ፤ ፍልሰታ ተያዘ። ሰባት ዓመት ስለሞላኝ የመጀመሪያ ጾሜ ነበር። እስከ ቀትር ምንም አልቀምስም፤ ከቀትር በኋላ ምስርና ዳቦ ከእናቴ ጋር እበላለሁ፤ በመጨረሻው ቀን እቆርባለሁ። ዶራ ብንሆን ኖሮ ሴቶቹ ሁሉ «ጎበዝ! ጿሚዋ!» እያሉ ያሞግሱኝ ነበር። እዚያ ግን እኔና እናቴ ብቻ ነበርን። ጠዋት ጠዋት ሪታ መንኡሼ የሚሉትን አይብ የተቀባ ትኩስ ቂጣ እየበላች አጠገቤ ትቀመጣለች። ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ።

አንድ ቀን ማዳም ከጎረቤቷ ጋር በረንዳ ላይ ተቀምጣ በጽዋ አይስክሬም ይዛ ጠራችኝ።

«ፊፊ፣ ነይ ሐቢብቲ፣ የኔ ፍቅር። ብዪ።»

«ጾም ነው፣ ማዳም።»

«ማን ነው የሚጾመው?»

«እኔ።»

ጎረቤቷ አጨበጨበች፤ ማዳም ግን ቀላች። ጽዋውን እንደያዘች ወጥ ቤት ገባች።

«አስካ! ሐራም ነው! ልጅ ታስርቢያለሽ? ሰው ምን ይላል? ኖሃ ቤት ልጅ ተርባ እንዲሉኝ ነው?»

«ጾም ነው፣ ማዳም። ረሃብ አይደለም።»

«እኔም ክርስቲያን ነኝ! ግን ልጅ!»

ጥግ ላይ ከወንበራቸው የማይነሡት የማዳም እናት፣ ሁላችንም ቴታ የምንላቸው አሮጊት፣ ያን ጊዜ ተናገሩ። «ተያት ኖሃ። እኔም በእሷ ዕድሜ ለእመቤታችን ጾሜአለሁ። አንቺም ጾመሽ ነበር። ሀብት ሲመጣ ነው የረሳሽው።»

አይስክሬሙ ጠረጴዛው ላይ ቀልጦ ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቴታ ፀሐይዋን እየተመለከቱ ይጠብቁልኝ ነበር። ቀትር ሲሆን በከዘራቸው ወለሉን መታ መታ አድርገው «ያላ፣ ነይ፣ ደርሷል» ይሉኛል፤ ከጓሮው የተቀጠፈ በለስ ያቀብሉኛል። ነፍሳቸውን ይማር።

እሑድ ሲደርስ እናቴ ማዳምን ጠየቀቻት። «ዶራ ልውረድ። ቅዳሴ አለን።»

«ዛሬ እንግዳ አለብን፣ አስካ። ለሚመጣው።»

የሚመጣውም መጣ፤ እንግዳም መጣ። እናቴ በዚያች ክፍል ውስጥ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ግድግዳው ዞራ ቆመች፤ እኔንም አጠገቧ አቆመችኝ። ከግድግዳው ማዶ የማቀዝቀዣው ድምፅ ነበር። «እግዚአብሔር ያያል» አለች።

የእነሱ የእመቤታችን በዓል የሚውለው የእኛ ጾም ሳይፈታ ነው። ያን ቀን ብሩማና በደወል ታመሰች። ዘመድ ሁሉ ተጠርቷል፤ ረጅም ጠረጴዛ ከጥዶቹ ሥር ተዘርግቷል። እናቴ ከማለዳ ጀምሮ ኪቤ የሚሉትን በስንዴ የተለወሰ ሥጋ ስትጠብስ ነበር፤ እስከ ቀትር ውሃ እንኳ ሳትቀምስ።

ማዳም እኔን ወደ ሪታ ክፍል ጠራችኝ። አልጋው ላይ ልብስ ተዘርግቷል። ሮዝ ቀለም ነው፤ ነጭ ኮሌታ፣ ነጭ ቁልፎች፣ ከፊት ሁለት ኪስ። አዲስ ነው፤ በልኬ የተሰፋ። በሕይወቴ ከሪታ ያልተረፈ ልብስ ስለብስ የመጀመሪያዬ ነበር። ማዳም ራሷ አለበሰችኝ፤ ጸጉሬን አበጠረችልኝ፤ ጉንጬን ሳመችኝ። «ሹ ሐልወ!» አለች። ምን ያህል ታምሪያለሽ ማለት ነው።

የትምህርት ቤት ልብሴ ነው ብዬ አመንኩ። ነጭ ኮሌታው ከበረንዳው ላይ የማያቸውን ልጆች አስታወሰኝ። ሁለቱ ኪሶች አንዱ ለእርሳስ፣ አንዱ ለላጲስ። እናቴ ለሥራ ከምትለብሰው ጋር አንድ ዓይነት ጨርቅ መሆኑንም አይቻለሁ፤ ግን ይህ አልገረመኝም። ዶራ ለፋሲካ ሴቶቹ ከአንድ ጣቃ ጨርቅ ይገዙና ለእናትም ለልጅም ያሰፋሉ። ማዳም እኛን ከአንድ ጣቃ ያለበሰችን ለበዓሉ ክብር መሰለኝ።

«በይ፣ ይህን ለእንግዶቹ አዙሪላቸው» ብላ በስኳር የተለበጠ ለውዝ በትሪ ሰጠችኝ።

አዞርኩ። አንዱንም አልቀመስኩም፤ ጾም ነበርኩ። እንደ ሙሽራ ቀጥ ብዬ ነው የሄድኩት። እንግዶቹ ያነሣሉ፣ ጉንጬን ይቆነጥጣሉ። ጣቷ በቀለበት የተሞላ ሴትዮ ወደ ማዳም ዞራ «አንቺ ብልህ ነሽ፣ ኖሃ» አለቻት። «ከትንሽነቷ ከለመደችልሽ ነገ ሌላ አታስመጪም።»

«የቤት ልጅ ናት እኮ» አለች ማዳም።

ዐረብኛ የመንገድ ቋንቋዬ ነው፤ እያንዳንዱን ቃል ሰማሁ። አንዱም አልገባኝም። «የቤት ልጅ» ያለችኝ ከፍቅር መሰለኝ፤ ደረቴን ነፋሁ።

ሪታ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ነበረች። ፊቷ ዞር ዞር አልኩላት።

«ያንቺንስ ለምን አትለብሺውም? አብረን እንሰለፍ» አልኳት።

«የኔ ምን?»

«የትምህርት ቤቱ።»

ለውዝ እያኘከች አየችኝ። «የኔ ሰማያዊ ነው። ፎቅ ላይ ተሰቅሏል። አንቺ ትምህርት ቤት አትሄጂም እኮ። ማማ ብላለች፤ አንቺ ከአስካ ጋር ነሽ።»

ክፋት አልነበረባትም። የምታውቀውን ነገረችኝ፤ ሌላ ለውዝም አነሣች። እኔ ትሪውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ሪታ የተሳሳተች መሰለኝ። የምትታረም መሰለኝ።

ያን ጊዜ እናቴ የኪቤውን ሳህን ይዛ ከወጥ ቤቱ ወጣች። ሮዝ ልብሷን ለብሳለች። እኔም የኔን ለብሻለሁ። አየችኝ። ባለ ቀለበቷ ሴትዮ «እዩማ! ትልቋና ትንሿ!» ብላ ሳቀች፤ ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ።

እናቴ ሳህኑን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ወደ እኔ መጥታ ትሪውን ከእጄ ወሰደች፤ እሱንም ከሳህኑ ጎን አስቀመጠች። ከዚያ እጄን ይዛ ወደ ክፍላችን ወሰደችኝ። ማዳም ተከተለችን።

«ምን ሆነሻል? በእንግዳ ፊት!»

«ትምህርት ቤቱስ፣ ማዳም?» አለች እናቴ።

«አስካ፣ አስተውይ። ትምህርት ቤቱ ወረቀት ይጠይቃል። ወረቀቷን ከየት ላምጣ? ሪታ ከሰዓት በኋላ ስትመለስ ፊደል ታሳያታለች፤ ፈረንሳይኛም ትለምዳለች። እስከዚያ ቤቱን፣ ንጽሕናውን ትማራለች። ምን ይጎዳታል?»

«ትማራለች ብለሽኝ ነበር።»

«ከሪታ ጋር አልኩ! ከሪታ ጋር ነው! እንደ ልጄ ነው እኮ የማያት!»

እናቴ ቁልፎቼን አንድ በአንድ እየፈታች ነበር።

«እንደ ልጅሽ ከሆነች» አለች፤ «ይህን ልብስ ለሪታ አልብሻት።»

«ምስጋና ቢስ!» አለች ማዳም።

ምስጋና ቢስ። ይህን ያለቻት እናቴን ነው፤ ውሃ ስትጠጣ ተመስገን፣ ልጇ ሳትስል ስታድር ተመስገን የምትለዋን ሴት። ይህን ቃል እስክሞት አልረሳውም። ጠባቧን ክፍል ይቅር ብያለሁ፤ ይህን ቃል ግን ለንስሐ አባቴ እየተናገርኩም አልወጣልኝም።

እናቴ ልብሱን አጣጥፋ በማዳም ክንድ ላይ አደረገችው። «አመሰግናለሁ፣ ማዳም» አለች። «ለጫማው። ለሐኪሙ። ለአየሩ። ኸላስ።»

እኔ አለቀስኩ። ልብሱ የኔ ነበር፤ ትምህርት ቤቱ የኔ ነበር፤ ሁለቱንም የነጠቀችኝ እናቴ መሰለችኝ። እሷ ግን የራሷንም ልብስ ለውጣ፣ የተከመረውን ሳህን ሁሉ አጥባ፣ ምድጃውን ወልውላ ጨረሰች። ሥራ አጋምሶ መውጣት አታውቅም። ከዚያ ጓዛችንን አንሥተን ወደ በሩ ሄድን።

በሩ አልተነቃነቀም። እናቴ ፊት ለፊቱ ቆመች። ወደ ኋላ ዞራ አልጠራችም፤ አልለመነችም። ጓዟን መሬት ላይ አስቀምጣ ቆመች ብቻ። ከጥዶቹ ሥር ሳቁ ጋብ ብሎ ነበር።

የከዘራ ድምፅ ሰማሁ። ቴታ ናቸው። ከወንበራቸው ተነሥተው፣ የሙሴን የመኪና ቁልፍ በእጃቸው ይዘው፣ እየተንገዳገዱ መጡ። መክፈቻውን ወደ በሩ አዙረው ተጫኑት። ብረቱ ተንሸራተተ። በለስ በመሐረብ ቋጥረው ሰጡኝ።

«ከቀትር በኋላ ነው» አሉኝ። «መብላት ትችያለሽ።»

እናቴ ዝቅ ብላ እጃቸውን ሳመች። በዚያ ቤት የሳመችው እጅ ያ ብቻ ነው።

መንገዱን በእግር ወረድን፤ ኋላ ሚኒባስ አገኘን። ሙቀቱ እየጨመረ፣ አየሩ እየከበደ መጣ። ዶራ ስንደርስ ሾፌሮቹ እንደ ወትሯቸው ጁንዬን ይጠራሉ። እትዬ ዘነቡ በሩን ስትከፍት ጓዛችንን አየች፤ ለቀልድ አፏን ከፈተች፤ የእናቴን ፊት አይታ ዘጋችው። ውሃ አምጥታ እግሬን አጠበችኝ።

«ማን ከፈተልሽ?» አለቻት ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አሮጊቷ።»

«እግዜር ይስጣቸው።»

ሳሌ ተመለሰ። አልደብቅም፤ ክረምቱ ሳይገባ ተመለሰ፤ ለብዙ ጊዜም አልለቀቀኝም። እናቴም ከዚያ ወዲያ ከቤት ቤት እየተዟዟረች በሰዓት መሥራት ጀመረች፤ ከበፊቱ የሚከብድ ሥራ ነበር። የከፈለችውን አውቃለሁ።

እትዬ ዘነቡ ግን ጎማ ጠጋኙ የተበሳውን ቦታ የሚያመለክትበትን ጠመኔ ለምና አመጣች። የክፍላችን በር ከውስጥ በኩል ጥቁር አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ ነበር። በሩን ዘጋችና ሀ ሁ ሂ ብላ ጻፈችበት።

«በይ እንግዲህ፣ ተማሪ። ማዳምሽ የከለከለችሽ ትምህርት ቤት ይኸውልሽ። ዩኒፎርም አንጠይቅም።»

ዛሬ የምጽፍበትን ፊደል የተማርኩት በዚያ በር ላይ ነው። እናቴ ከሥራ ስትመለስ በሩን ስትከፍተው ፊደሎቹ ወደ ግድግዳው ይዞራሉ፤ ስትዘጋው ይመለሳሉ።

የፍልሰታ ጾም ሲፈታ ቆረብኩ። ነጭ ለበስኩ፤ እናቴም ነጭ ለበሰች። ከአንድ ጣቃ የተቆረጠ ነበር።

እዚህ ላይ ስደርስ ባለቤቴ በሩ ላይ ቆመ። «ደላላው ደጋግሞ እየደወለ ነው» አለኝ። «ቤቱን ካልፈለግነው ምክንያቱን ይጠይቀኛል። ምን ልበለው?»

«ያቺ ክፍል ውስጥ ገብቶ አንድ ቀን ይተኛ በለው» አልኩት። «ከተኛ በኋላ ይደውልልን።»